ልጁን ማን ጠየቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ አንድ ሰው «ክለቦች ተጫዋች ከማስፈረማቸው በፊት ስለ ሃይማኖት የሚለጥፈውን ይመርምሩ፤ አወዛጋቢ ከሆነ ይለፉት» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ተስማማሁ። ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው።

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 54። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። በልጅነቴ ፖሊዮ ቀኝ እግሬን ይዞት ቀረ። ከሜዳ ግን ርቄ አላውቅም። ለ22 ዓመት የሰፈራችን ቡድን ትጥቅ ያዥ ነኝ። ማሊያ አጥባለሁ፣ ኳስ እነፋለሁ፣ ውሃ አመላልሳለሁ፣ ገምባሌ እሰፋለሁ። ደመወዝ የለውም። የቡድኑን ስም አትጠይቁኝ። ከጻፍኩት በሚቀጥለው እሁድ ሜዳ የሚያስገባኝ የለም።

ትጥቅ ያዥ ተጫዋቹን ከአሰልጣኙ በላይ ያውቃል። ማሊያ ልነክር ስል ከቁምጣ ኪስ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አውጥቻለሁ። ሙስባሃ አውጥቻለሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ መዝሙርም አግኝቻለሁ፤ ውሃ ነክቶት አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጥቼ ለባለቤቱ መልሻለሁ። በሁዳዴ 55 ቀን አሰልጣኙ «እንቁላል ብሉ እንጂ!» እያለ ሲጮህ ማን አንገቱን እንደሚደፋ አውቃለሁ። በረመዳን ደግሞ ውሃ ሳዞር ማንን በጎን እንደማልፍ አውቃለሁ። የውሃውን ኮዳ እንዳያየው ወደ ኋላዬ አድርጌ ነው የማልፈው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ቡድን ውስጥ ሲከርሙ የሚለመድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ለክረምቱ ውድድር አጥቂ ጠፋ። አንድ ልጅ ተገኘ፤ ዕድሜው 21፣ ማራኪ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል። ልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ኳስ ይቀበልና አንዴ ሲዞር ተከላካዩ የት እንደቀረ አይታወቅም። እኛ ባለፈው ክረምት በአምስት ጨዋታ ሁለት ግብ ያገባን ቡድን ነን። አንዷን ያገባው የተጋጣሚያችን ተከላካይ ነው።

ችግሩ ቲክቶኩ ነው። ልጁ ስለ ሃይማኖት ይለጥፋል። የትኛው ሃይማኖት እንደሆነ አልጽፍም። ከጻፍኩ ግማሹ አንባቢ እዚህ ላይ ደብዳቤውን ያጥፈዋል፣ ግማሹ ደግሞ ያጨበጭባል።

የቡድኑ ኮሚቴ ሰባት ሰው ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ ቡና ቤት ተሰበሰቡ። እኔ አባል ባልሆንም ለሻይ አልከለከሉኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ልጁ ተወራ። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ «ይሄ ልጅ ቡድኑን ያፈርሰዋል» አለ። ሌላው «ግብ ያግባ እንጂ ዛፍ ቢያመልክስ ምን አገባን» አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ሁለት ማኪያቶ ጠጣ። በመጨረሻ 4 ለ 3 «ይቅር» ተባለ። ልጁ ያን ጊዜ ውጭ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። በመስኮቱ ይታየኛል። ማንም ወጥቶ አልጠራውም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ትልልቆቹም ተደናብረውበታል።

እስራኤል ፎላው የሚባል አውስትራሊያዊ የራግቢ ተጫዋች አለ። ራግቢን ለማያውቅ፦ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ አቅፈዋት ይሮጣሉ፣ ሰው ይዞ መጣል ሥራ ነው። ፎላው ለአገሩ 73 ጊዜ ተሰልፏል። በፈረንጆቹ 2018 ስለ ግብረ ሰዶማውያንና ስለ ሲኦል ጻፈና ጫጫታ ተነሳ። ሳይቀጣ ታለፈ። በዚያው ዓመት ውሉ ታደሰለት። በኤፕሪል 2019 ኢንስታግራም ላይ ረዘም ያለ ዝርዝር ለጠፈ፦ ሰካራሞች፣ ግብረ ሰዶማውያን፣ አመንዝራዎች፣ ውሸታሞች፣ ሌቦች፣ በእግዚአብሔር የማያምኑ፣ ጣዖት አምላኪዎች፣ ሲኦል ይጠብቃችኋል፣ ንስሐ ግቡ የሚል። በሜይ ፌዴሬሽኑ ውሉን አቋረጠ። እሱም ከሰሰ። በዲሴምበር ሁለቱም ይቅርታ ተባብለው ታረቁ፤ የካሳው መጠን በይፋ አልተነገረም።

ወዲያው በጃንዋሪ 2020 ካታላንስ ድራጎንስ የሚባል የደቡብ ፈረንሳይ ክለብ አስፈረመው። የክለቡ ፕሬዚዳንት «አስተያየቱን አንጋራም» ብለው በግልጽ ተናገሩ። ነገር ግን ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢያደርግ ውሉ እዚያው እንደሚቋረጥና ከባድ ቅጣት እንደሚከተል አስቀድመው አስፈረሙት። የሊጉ ኃላፊዎች በዝውውሩ ደስ እንዳላላቸው፣ የመከልከል ሥልጣን ግን እንደሌላቸው ተናገሩ። ዊጋን የተባለው ተጋጣሚያቸው ደግሞ ከእነሱ ጋር የሚጫወትበትን ቀን ፎላው ለሲኦል ለዳረጋቸው ለግብረ ሰዶማውያን ክብር እንደሚያውለው አስታወቀ። እነሱም ትኬት ገዝተው የሚገቡ ደጋፊዎች፣ ሜዳም ላይ የሚሰለፉ ተጫዋቾች ናቸውና።

ይህን ታሪክ ያነበበልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዝርዝሩን ሲሰማ የቡድናችን በረኛ «እንዴ! እኔ ብቻዬን አራቱን አሟላለሁ» አለ። ሳቅን። እኔን ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። አውስትራሊያን ያቃጠለው ከዝርዝሩ አንዱ ቃል ነው። ስለ ሰካራም ማንም ሰልፍ አልወጣም። ያው ዝርዝር ጎንደር ቢለጠፍ ደግሞ እዚያ ያቃጠለው ቃል እዚህ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኛን የሚያቃጥለን የመጨረሻው ነው፤ ጣዖት የሚለው። ማን ለማን እንደሚለው አታድክሙኝ። ሁሉም ለሁሉም ይለዋል።

እና አወዛጋቢ የሚባለውን ማን ነው የሚለካው? ጸሐፊው «አወዛጋቢ ከሆነ ይለፉት» ሲሉ የየትኛውን ከተማ ሚዛን ይዘው ነው? ሰባቱ ኮሚቴዎቻችን የሚቆጡበት ነገር እንኳ ሰባት ዓይነት ነው።

ጎንደር ደግሞ በዚህ ነገር ላይ ጀማሪ አይደለችም። የከተማችን ትልቁ ክለብ ስሙ ፋሲል ከነማ ነው። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለለት ፋሲል። አባቱ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር በደም ታጥቦ፣ በ1624 ዓ.ም ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። እሱም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን አስወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ይህችን ከተማ ቆረቆረ። ከዚያ ደግሞ ልጁ አፄ ዮሐንስ በ1660 ዓ.ም ገደማ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ለብቻ ይስፈር ብለው አወጁ። የሙስሊሙን ሰፈር አዲስ ዓለምን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንቱም ቢሆኑ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተከራክረው ቅባትና ተዋሕዶ በሚል ወገን እየተለዩ በየጉባኤው ሲያሸንፉና ሲሸነፉ ኖረዋል፤ ያሸነፈው ይሾማል፣ የተሸነፈው ይሰደዳል። ባጭሩ ሰውን በእምነቱ መዝኖ ማስገባትና ማስወጣት እዚህ ከግንቡ ጋር አብሮ የተሠራ ነገር ነው።

ያው የፋሲል ስም በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ማሊያውን ለብሰው የነበሩት እነ ያሬድ ባየህና እነ ሙጂብ ቃሲም ናቸው። ሙጂብ ያን ዓመት ለአፄዎቹ፣ ለፋሲል ማለቴ ነው፣ ስንት ግብ እንዳገባ ደጋፊው በጣቱ ይቆጥርላችኋል። ያን ቀን ከተማው ሲጨፍር ማን በምን ያምናል ያለ ሰው አልሰማሁም። ምናልባት ጡሩምባው ደንቁሮኝ ይሆናል።

ግን ልዋሽ አልፈልግም። በ2014 ዓ.ም ሚያዝያ ቀብር ላይ በተነሳ ነገር በዚህችው ከተማ ሰው ሞቷል። ንብረት ወድሟል። እኛ ሰፈር ለሁለት ሳምንት ልምምድ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንሰበሰብ ልጆቹ በሁለት ጥግ ነበር የተቀመጡት። እኔ ማሊያ የማድለው በቁጥር ቅደም ተከተል ነበር፤ ያን ቀን ግን ቁጥሩን ሆን ብዬ አዘበራረቅሁት፣ ተነስተው እንዲለዋወጡ። እና ያ «ይሄ ልጅ ቡድኑን ያፈርሰዋል» ያለው የኮሚቴ አባል ፈሪ አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ እዚህ ከተማ ምን ልታደርግ እንደምትችል ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለራሴም የደረሰብኝ አለ። በ1991 ዓ.ም ጥር ላይ፣ ፈረንጆቹ 1999 ብለው ሲጀምሩ፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ግሌን ሆድል ለጋዜጣ ሲናገር አካል ጉዳተኛ ሆነው የሚወለዱ ሰዎች ከመወለዳቸው በፊት የኖሩትን የሌላ ሕይወት ዕዳ እየከፈሉ ነው የሚል ሐሳብ አነሳ። ኋላ ንግግሬ ተጣሞብኛል ብሏል። በቀናት ውስጥ ተባረረ። ሬዲዮ ላይ ስሰማ እጄ ላይ የነበረው ኳስ ወደቀ። እናቴን የሰፈር ሴቶች «ምን በድለሽ ነው?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ እኔ እየሰማሁ። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ኮት ለብሶ፣ ያንኑ ጥያቄ ሰው በእንግሊዝኛ ሲደግመው ሰማሁ።

ሲባረር ደስ አለኝ። አልክድም።

ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበር እላለሁ፤ ግን የምለው በሌላ ምክንያት ነው። አሰልጣኝ ሰው ይመርጣል። ማን እንደሚገባ፣ ማን ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደሚቀር እሱ ይወስናል። ስለ እግሬ እንዲህ የሚያስብ ሰው ልጄን ቢያሰለጥን፣ ልጄ ባልተሰለፈ ቁጥር እጠረጥራለሁ። ተጫዋች ግን ማንንም አያሰልፍም። ኳስ ይቀበላል፣ ኳስ ይሰጣል። ለአሰልጣኝና ለአምበል ጠበቅ፣ ለተጫዋች ላላ ብል የሚከራከረኝ ካለ በገጻችሁ ይጻፍልኝ።

ሕጋችንም ቢሆን መሬት ላይ መስመር አስምሯል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ እምነትን የመግለጽ ነፃነት አለ። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በአካል ጉዳትም ጭምር በሰው ላይ ጥላቻ መንዛትን ይከለክላል፤ የሃይማኖት ትምህርትን ግን ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ «የኔ መንገድ ብቻ ነው የሚያድን» ማለት ሌላ ነው። «እነዚያ እንዲህ ናቸው፣ አትጠጉዋቸው» ማለት ሌላ። የመጀመሪያውን የማይል አማኝ ካለ አሳዩኝ። እኔም እላለሁ። እንዲያ ስል ግን የግራ ተከላካያችንን ገምባሌ እያጠብኩ ነው፤ እሱም ስለ እኔ ያንኑ እንደሚያስብ አውቃለሁ።

በእምነቱ ምክንያት ተጫዋች የሚቀጣ ሁሉ ኋላ የሚቆጨው አለ። መሐመድ አሊ በፈረንጆቹ 1967 ሃይማኖቴ ለቬትናም ጦርነት አይፈቅድልኝም ሲል ቀበቶውን ገፈፉት። ሦስት ዓመት ተኩል ሳይቧቀስ ቀረ፤ ያውም በጉብዝናው ወራት። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው 8 ለ 0 ፈረደለት። እንዲህ ያለ ውጤት እኛ ሜዳ ላይ ነው የማየው፣ ያውም የሚገባብን እኛ ላይ ነው። አሊ ያን ጊዜ የአሜሪካ አወዛጋቢው ሰው ነበር። ዛሬ ፎቶው በየፀጉር ቤቱ ተሰቅሏል።

መሠረት ደፋርንም አስታውሱ። ለንደን 2012 አምስት ሺህ ሜትሩን አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታነሳ ያላለቀሰ ማን ነው? ያን ቀን አንድም ሰው «ስፖርትና ሃይማኖት አይቀላቀልም» አላለም። የምንወደው እምነት ሲሆን ማስረጃ አንጠይቅም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከስብሰባው በኋላ እግሬ ደክሞኝ ስለነበር እሱው ባጃጅ ላይ ወጣሁ። ሂሳብ አልቀበልም አለ። መንገድ ላይ «ይቅር ብለዋል» አልኩት። ከእኔ ሌላ የሚነግረው እንደሌለ ገብቶኝ ነበር። ዝም አለ። አንድ መታጠፊያ አልፈን «በቲክቶኩ ነው ኣ ጋሼ?» አለኝ።

አቁም አልኩት። አቆመ። ስልኩን አውጣ አልኩት። ሁለት ቪዲዮ ነበር ኮሚቴውን ያናደደው። አንዱ ላይ ራሱ ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ ድኅነት ይናገራል። ጠንከር ያለ ነው፤ እኔንም ከዳኑት ውስጥ አላስገባኝም። ሁለተኛው የእሱ አይደለም። አንድ ሰባኪ የሌሎችን በዓል ሲያላግጥ፣ ሕዝቡ ሲስቅ። ጓደኛው ልኮለት ያጋራው ነው። «እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?» አልኩት። አላየውም። አብረን አየነው። መጨረሻው ላይ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። የልጁ ጆሮ ቀላ። ከቡድናችን የግራ ተከላካይ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ ያ የተላገጠበት በዓል ደግሞ ልጁ በየዓመቱ እነሱ ቤት ሄዶ የሚበላበት ነው።

ያንን እዚያው አጠፋው። የመጀመሪያውን ግን «ይሄ እምነቴ ነው ጋሼ፣ ይሄን አላጠፋም» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ አላጠፋውም። እኔም አጥፋ አላልኩትም።

ሰባት ሰው በሁለት ሰዓት ያላገኘውን እኔ መንገድ ዳር በሃያ ደቂቃ አገኘሁት። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ስለጠየቅሁት ነው። ካታላንስም ያደረጉት ይኸው ነው፦ ፎላውን አነጋገሩት፣ የሚችለውንና የማይችለውን ጻፉ፣ ፈረመ። አውስትራሊያውያኑ ግን መጀመሪያ ሳይቀጡ አሳለፉት፣ ቀጥለው ውል አደሱለት፣ ከዚያ አባረሩት፣ በመጨረሻ ካሳ ከፈሉት። እኛ ሰፈር ውል የሚባል ነገር የለም፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ ነው የሚፈረመው። አንድ መስመር መጨመር ግን ወረቀቱ አይጠበውም። ማሊያችንን ለብሶ፣ ወይም በቡድናችን ስም፣ ሰው አላዋርድም። በቃ። ከጣሰ ይሂድ። እኔ ራሴ ማሊያውን እቀበለዋለሁ።

ጉዳዩን ለኮሚቴው ዳግም አቅርቤዋለሁ። ያ ማኪያቶ ሲጠጣ የነበረው ሰው አሁን «እናነጋግረው» ብሏል። ስለዚህ ቁጥሩ 4 ለ 3 መሆኑ ቀርቷል፤ ወዴት እንደዞረ ግን እስከ ሐሙስ አይታወቅም።

ያን ቀን ቤቴ በር ላይ ሲያወርደኝ የግራ ተከላካዩን ነገር አነሳሁበት። «ከእሱ ጋር መጫወት ትችላለህ?» አልኩት። እኔ ስለ ሃይማኖቱ መጠየቄ ነበር። እሱ ትንሽ አሰበና «ሲያሻማ ኳሱን ዝቅ አድርጎ ነው ከፍ አድርጎ?» አለኝ።

ዝቅ አድርጎ ነው አልኩት። 9 ቁጥሩን ማሊያ አጥቤ ሰቅየዋለሁ። መካከለኛ ልክ ነው፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ሳይጠበው አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ትጥቅ ያዥ
ጎንደር